ከአሥሩ ዘጠኙ

አን አርበር የሚሺጋን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። እዚያ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በዙሪያው ያሉ ሆስፒታሎች «ይሄስ ከአቅማችን በላይ ነው» ያሉት የሳንባ ሕመምተኛ የሚላክበት ቦታ ነው። ምክንያት አለው። ኤክሞ የሚባለውን መሣሪያ፣ ማለትም ደምን ከሰውነት አውጥቶ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ መልሶ የሚያስገባውን፣ ለሕክምና ካበቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዶክተር ሮበርት ባርትሌት ለአሥርተ ዓመታት የሠሩት እዚያው ነው። ስለዚህ በ2009 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አዲሱ ኢንፍሉዌንዛ ሲነሳ፣ የባሰባቸው ወደዚያ ይላኩ ጀመር።

ያ ኢንፍሉዌንዛ ኤች1ኤን1 ነው። እኛ «የአሳማ ጉንፋን» ያልነው። መጀመሪያ የታወቀው በአፕሪል ወር፣ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሁለት ሕፃናት ላይ ነው። ጁን 11 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ አወጀው። አን አርበር ግን አዋጁን አልጠበቀችም። ከሜይ 26 እስከ ጁን 18 ባሉት ሦስት ሳምንታት ገደማ ውስጥ፣ በቫይረሱ የተያዙ 10 ሰዎች ወደዚያ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም ከሌላ ሆስፒታል ተልከው የመጡ ነበሩ።

የመጀመሪያው እንግዳ ነገር ዕድሜያቸው ነው። ትንሹ 21፣ ትልቁ 53 ዓመቱ። መካከለኛው ዕድሜ 46። ጉንፋን ሰው ይገድላል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አያቶቻችንን ነው። እዚህ የተኙት ግን ትናንት ሥራ ውለው የሚገቡ፣ ልጅ የሚያሳድጉበት ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው እንግዳ ነገር ዓይን ፊት ያለ ነበር። ሚዛን እንኳ የማያስፈልገው።

ከአሥሩ ዘጠኙ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበራቸው። ቢኤምአይ በሚባለው ልኬት፣ ማለትም ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል፣ ዘጠኙ 30 እና ከዚያ በላይ ነበሩ። ከነሱ ውስጥ ሰባቱ 40 እና ከዚያ በላይ። ቁጥሩ እንዲጨበጥ፦ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ቢኤምአይ 30 የሚደርሰው 87 ኪሎ ገደማ ሲሆን ነው። 40 የሚደርሰው ደግሞ 116 ኪሎ አካባቢ። እንግዲህ ከአሥሩ ሰባቱ ከዚህ መስመር ያለፉ ናቸው።

ሕመማቸው ቀላል አልነበረም። ሁሉም ኤአርዲኤስ ያዛቸው። ይህ ማለት ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በብግነት ምክንያት በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ራጅ ሲነሳ ጥቁር መሆን የነበረበት ሳንባ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ኦክስጅን ቢሰጥም ወደ ደም አይሻገርም። ሁሉም ከተለመደው ከፍ ያለ የመተንፈሻ መሣሪያ ድጋፍ አስፈለጋቸው። ዘጠኙ ከሳንባ ሌላ ኩላሊትን የመሳሰሉ የአካል ክፍሎቻቸውም ከዷቸው። አምስቱ ሳንባቸው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘባቸው። ጉዳዩ በታተመበት ጊዜ ሦስቱ ሞተዋል።

የታተመው ጁላይ 10 ቀን ነው፤ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በየሳምንቱ በሚያወጣው መጽሔት ላይ። ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ሊና ናፖሊታኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነው የጻፉት። ጽሑፉ አጭር ነው። እኔ ግን ከብዙ ረጃጅም ጥናቶች ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። ምክንያቱም ማንም ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። እስከዚያ ቀን ድረስ በኢንፍሉዌንዛ ክፉኛ ይጠቃሉ ተብለው የተዘረዘሩት ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አስም፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ስኳር ያለባቸውና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ነበሩ። ውፍረት ለብቻው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስኳር ወይም የልብ ሕመም አስከትሎ ከመጣ ብቻ በጓሮ በር ይገባል። ሲዲሲም በማስታወሻው ይህንኑ ጠቁሞ፣ ነገሩ ይጠና አለ።

ታዲያ ከዚያ በፊት እንዴት ሳይታይ ቀረ? ከዚያ በፊት ወፍራም ሰው ጉንፋን አልያዘውም?

ይዞታል። ግን ሁለት ነገሮች ሸፍነውታል ብዬ አስባለሁ። አንደኛው፣ በየዓመቱ የሚመጣው ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ዕድሜያቸው የገፋውን ነው፤ እዚያ ዕድሜ ላይ ደግሞ እርጅናው ራሱ ሌላውን ምክንያት ሁሉ ይውጠዋል። በ2009 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከ1957 በፊት የተወለዱ ብዙ ሰዎች በልጅነታቸው ከዚህ ቫይረስ ዘመዶች ጋር ተዋውቀው ስለነበር በመጠኑ ተጠብቀዋል። ወጣቱና ጎልማሳው ተጋለጠ። እርጅና ከመንገድ ሲነሳ፣ ከኋላው የነበረው ውፍረት ፊት ለፊት ታየ። ሁለተኛው ነገር ቁጥር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ አዋቂዎች 15 በመቶ ያህሉ ነበሩ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው። በ2008 አካባቢ አንድ ሦስተኛው ደርሰዋል። ቫይረሱ ያገኘው ሕዝብ ድሮ የነበረው አልነበረም።

አሁን ወደ አልጋው እንጠጋ።

አንድ ከባድ ሰው በጀርባው ሲተኛ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሆድ ወደ ላይ ይገፋል። ሆድና ደረትን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ደረት ይሸሻል። ደረቱ ላይ ያለው ክብደት ደግሞ ከላይ ይጫናል። ሳንባ በሁለቱ መሃል ይጨመቃል። ከተነፈስን በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀር አየር አለ፤ እሱ ነው ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ ከፍቶ የሚይዛቸው። በ2006 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ ቢኤምአዩ 30 የሆነ ሰው ይህ መጠባበቂያ አየር ቢኤምአዩ 20 ከሆነ ሰው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። በረጋ አተነፋፈስ ካስወጣን በኋላ ገፍተን ልናወጣ የምንችለው ተጨማሪ አየር ደግሞ ከግማሽ በታች፣ 47 በመቶ። ልብ በሉ፣ 30 ነው ያልኩት፤ ገና መነሻው ላይ። ይህ ሰው ጤነኛ ሳለ ደረጃ ሲወጣ ትንሽ ያለከልካል፣ ሌላ ችግር የለበትም። መጠባበቂያው አነስተኛ መሆኑን የሚያውቀው ቫይረስ የቀረውን ሊወስድበት ሲመጣ ነው።

ለዚህ ነው ከመተንፈሻ መሣሪያው ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ በጉሮሮ ማስገባቱ ራሱ አስፈሪ የሚሆነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን አስተኝቶ፣ ጡንቻውን አላልቶ፣ ቱቦውን እስኪያስገባ ድረስ ሰውየው አይተነፍስም። ቀጭን ሰው በዚያች ቅጽበት ሳንባው ውስጥ ባለው አየር ይቆያል። ከባዱ ሰው ግን ያ ስንቅ ትንሽ ስለሆነ ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቶሎ ይወርዳል። አንገት አጭርና ወፍራም ሲሆን ደግሞ ቱቦው መንገዱን ለማግኘት ይቸገራል። ሁለቱ መጥፎ ነገሮች እኩል ይመጣሉ።

ቀጥሎ የመተንፈሻ መሣሪያው አለ። እዚህ ላይ አንድ የማይረሳ ስሌት አለ። መሣሪያው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል አየር ይግፋ? ሳንባው በኤአርዲኤስ የተጎዳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጠዋል። የቱ ኪሎ? ሚዛን ላይ የሚታየው አይደለም። በቁመት የሚገመተው ክብደት ነው። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግም፤ ሳንባ ቁመትን ነው የሚከተለው። ቁመቱ 1.75 የሆነ 150 ኪሎ ወንድ እንውሰድ። በቁመቱ የሚገመተው ክብደት 71 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ትንፋሹ 425 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይሆናል። አንዱ ተሳስቶ በሚዛኑ ቢያሰላው 900 ይደርሳል። ያን ያህል አየር የቆሰለ ሳንባ ውስጥ በየትንፋሹ መግፋት ማለት ሳንባውን በገዛ እጅ መቅደድ ነው። ለዚህ ነው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርስ ከጭንቅላት እስከ ተረከዝ ሜትር ስትዘረጋ የምታዩት። ልብስ ልትለካ አይደለም።

መገልበጡስ? ሳንባው የተዘጋበት ሰው በሆዱ ሲተኛ የጀርባው የሳንባ ክፍል ይከፈታል፤ ብዙዎቻችን ይህን በኮቪድ ጊዜ ሰምተናል። 150 ኪሎ የሆነ፣ አፉ ውስጥ ቱቦ፣ አንገቱ ላይ መስመር፣ ፊኛው ላይ የሽንት ቱቦ ያለበትን ሰው በሆዱ ለማስተኛት ግን አምስት ስድስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱንና ቱቦውን ብቻ ይዞ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እናም ሁሉም እኩል ያዞራሉ። አንድ እጅ ቢስት ቱቦው ይወጣል። አልጋውም መሸከም አለበት። የሲቲ ስካን ጠረጴዛም የክብደት ወሰን አለው። እነዚህ ነገሮች በጥናት ሠንጠረዥ ላይ አይገቡም፤ ግን ሰው የሚተርፈውና የማይተርፈው አንዳንዴ እዚህ ላይ ነው።

የረጋው ደም ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ከአሥሩ አምስቱ! ውፍረት ብቻውን ደምን ለመርጋት ያመቻቸዋል፤ ከባድ ኢንፌክሽንም እንዲሁ፤ አልጋ ላይ ሳይንቀሳቀሱ መዋልም እንዲሁ። ሦስቱ ሲገናኙ ከእግር የተነሳ ክምችት ሳንባ ይገባል፣ ወይም እዚያው ሳንባ ውስጥ ይፈጠራል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ኮቪድ መጥቶ ሐኪሞች ሁሉ ስለ ደም መርጋት ሲያወሩ፣ የአን አርበር አጭር ጽሑፍ ትዝ ያላቸው ሳይኖሩ አይቀሩም።

እስካሁን ያወራነው ስለ መካኒክ ነው፣ ስለሚጫንና ስለሚዘጋ ነገር። ሌላው ግን ዓይን የማያየው ነው። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም። እሱ ራሱ እንደ እጢ ይሠራል፤ ሆርሞንም የብግነት ኬሚካሎችም ወደ ደም ይለቃል። ስቡ ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ቀን ከሌት በዝግታ የሚግም ብግነት ይኖራል። ቫይረስ ሲገባ ታዲያ ሰውነት መጀመሪያ ላይ ዘገምተኛ ይሆናል፤ ቫይረሱን ገና በማለዳው የሚያግደው ኢንተርፌሮን ደካማ ነው። ቆይቶ ግን መጠን ያልፋል። ሲፈለግ የማይነሳ፣ ሲነሳ ደግሞ የማይበርድ ሰው አታውቁም? እንደዚያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። አሥር ሰው አሥር ሰው ነው። በዚያ ላይ ወደ አን አርበር የሚላከው ሰው ተመርጦ ነው፤ የባሰበት ብቻ። ምናልባት ትናንሾቹ ሆስፒታሎች ቀጭኑን ሕመምተኛ ራሳቸው ማከም ችለው ከባዱን ብቻ ልከው ይሆናል። ሚሺጋንም በአሜሪካ ቀጭን ከሚባሉት ግዛቶች አይደለችም። ከዘጠኙ ላይ ተነስቶ «ውፍረት ገደላቸው» ማለት ችኮላ ነው። ጽሑፉም እንዲያ አላለም። ጥያቄውን ከፈተ እንጂ አልዘጋውም።

ጥያቄው ቶሎ መልስ አገኘ። ካሊፎርኒያ በዚያው ወረርሽኝ ሆስፒታል የተኙ አዋቂዎችን መዘገበች። ቁመትና ክብደታቸው ከታወቀ 534 ሰዎች ግማሹ፣ 51 በመቶው፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበራቸው። ቢኤምአይ 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑት የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነበር፤ ከ45 በላይ ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ ገደማ። አሁን አሥር ሰው አይደለም። የአንድ ሆስፒታልም ጉዳይ አይደለም። በ2010 የአሜሪካ የክትባት ምክር ሰጪዎች ቢኤምአዩ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በጉንፋን ክፉኛ ሊጠቃ ከሚችሉት ጎን እንዲቆጠር አደረጉ። ከጓሮ በር ወደ ፊት በር ገባ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ነገሩ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡ በኋላ ወፍራም ሰዎች ከቀጭኖቹ የባሰ እንደማይሞቱ፣ አንዳንዴም የተሻለ እንደሚተርፉ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሐኪሞች ይህን የውፍረት ተቃርኖ ይሉታል። ምናልባት ወፍራሙን ሰው ቶሎ ፈርተውለት ቶሎ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለሚያስገቡት ነው፤ ምናልባትም ለረጅም ሕመም ስንቅ ስላለው። እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ ውፍረት ወደዚያ ክፍል የሚወስደውን መንገድ ያሰፋል፤ ከገቡ በኋላ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ሌሎቹ ቁርጥራጮች ከየአቅጣጫው መጡ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የጉንፋን ክትባት የወሰዱ አዋቂዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት አለ። ጤናማ ክብደት ካላቸው 5.1 በመቶዎቹ ጉንፋን ወይም ጉንፋን መሳይ ሕመም ያዛቸው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ካላቸው 9.8 በመቶዎቹ። የሚገርመው ክትባቱ የፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ነበር። ወታደሩ ተቆጥሮ ሞልቷል፤ ግን አይዋጋም እንደማለት። በማናጓ፣ ኒካራጓ፣ ቤተሰቦችን የተከታተሉ ደግሞ በ2018 እንዳሳዩት፣ ሕመም የታየባቸው ወፍራም አዋቂዎች ኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስን በአማካይ ለ5.2 ቀናት ይረጫሉ፤ ሌሎቹ ለ3.7። ስለዚህ ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚኖረውንም ይነካል።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በሊል፣ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ አፕሪል 2020 መጀመሪያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡ 124 ሰዎች ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ቢኤምአያቸው ከ30 በላይ ነበር። ክብደት ሲጨምር ቱቦ የሚያስፈልገውም ይጨምር ነበር። በዚያው አፕሪል የ55 ዓመቱ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ገብተው በማግስቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ። ከዳኑ በኋላ በአደባባይ የተናገሩት፣ በጣም ወፍሬ ነበር የሚል ነው። ከአን አርበር የተነሳው ጥርጣሬ አሥራ አንድ ዓመት ተጉዞ የአንድ አገር መሪ ኑዛዜ ሆነ።

የኛ ነገር ሌላ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ለዓመታት ቆይቶ የተመለሰን ሰው ቦሌ ላይ አቅፈን መጀመሪያ የምንለው «ወይ ወይ፣ ወፍረሃል! ተመችቶሃል!» ነው። ምርቃት ነው፣ ከልብ ነው። ረሃብ የሚታወስበት አገር ውፍረትን እንደ ደስታ ቢያይ አይገርምም። እኔም እለዋለሁ። ስለዚህ ወፍራም ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልፈልግም፤ አን አርበር የተኙት ሰዎችም ጥፋት የሠሩ አይደሉም።

ወፍራም ዘመድ ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባው ግን ጥቂት ነው፣ እሱም ቀላል ነው። በየዓመቱ የጉንፋን ክትባት በሚገኝበት አገር ካለ ይውሰድ፤ ጥበቃው ቢያንስም ከምንም ይሻላል። ኢንፍሉዌንዛ ከያዘው እንደ ታሚፍሉ ያለ መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ «ቆይ ይሻለኛል» ብሎ ሳምንት አይጠብቅ። ሲያርፍ በጀርባው ተዘርግቶ አይተኛ፤ ትራስ ደርቦ ቀና ይበል። ሲያወራ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ትንፋሽ ካጠረው፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ክፍሉ ገብቶ ነርሷ ሜትር ይዛ ቁመቱን ልትለካ ስትመጣ ደግሞ፣ ካልጋው አጠገብ ያለው ቤተሰብ ለምን እንደሆነ ያውቃል።